ለአንድ እጅ የሚሆን ኩባያ

ጥቅምት ፲፪ ቀን

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለፈታታው፦

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንደምን ነው? እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። ብርዱ አይጉዳህ፣ ሥራህ ይቅናህ፣ የያዝከው ሁሉ ይባረክልህ።

በስልክ ያልነገርኩህን ልጽፍልህ ነው። በስልክ ስናወራ እናትህ አጠገቤ ናት፤ በሽታው ቀኝ ጎኗን እንጂ ጆሮዋን አልነካባትም። ድሮም ጎረቤት በሹክሹክታ የሚያወራውን ከጓዳ ሆና የምትሰማ ሴት ናት።

ከሆስፒታል ከወጣን ወዲህ ወንበር ላይ ትውላለች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ ብለዋታል። አፏ ግን እንዳለ ነው፤ ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች፣ ሾርባዬን ጨው አበዛሽበት ትላለች። ምላሷን ስላተረፈልን አመሰግናለሁ፣ አንዳንዴም አማርራለሁ። እኔም ጉልበቴን ትንሽ ነካ አድርጎኛል፣ የእርጅና ነው፣ ተወው።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሐኪሙ ስንወጣ በጥብቅ ያዘዘን ውኃ ነው። ውኃ በደንብ ካልጠጣች ኩላሊቷ መድኃኒቱን አይችለውም ብሎ ጣቱን እያወዛወዘ ነገረኝ። እሷ ደግሞ አልጠጣም አለች። ጠዋት በብርጭቆ ሞልቼ አጠገቧ አስቀምጣለሁ፣ ሲመሽ እንደሞላ አነሳዋለሁ። ለምን ስላት ብርጭቆው ይከብደኛል፣ ግራ እጄ አልለመደም፣ ይደፋብኛል ትላለች። እኔ ይዤ ላጠጣሽ ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

እንግዲህ አንተን አሰብኩ። የሰው ልጅ ሐኪም ነው፣ ጠበቃ ነው፣ የእኛ ልጅ ባሕር ማዶ ሄዶ ኩባያና ማንቆርቆሪያ ይሠራል እያልን ስንት ቀን ስቀንብሃል። ልጅ ሆነህ የበሩን ቁልፍ ፈታተህ መግጠም አቅቶህ ጎረቤት በመስኮት ያወጣን ቀን፣ እናትህ ይሄ ልጅ ወይ ዕቃ ሠሪ ወይ እስረኛ ይሆናል ብላ ነበር። እስረኛ አልሆንክም፣ ተመስገን። ስለዚህ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ የማይደፋ፣ የማይከብድ ኩባያ ሥራላት። ከልጇ ከመጣ እምቢ አትልም።

አክስትህ


ኅዳር ፰ ቀን

ለውድ አክስቴ፣ ለእትዬ፦

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የእርስዎን ዕድሜ ያርዝምልኝ፤ እርስዎ ባይኖሩ እናቴ ማን እጅ ላይ ትወድቅ ነበር ብዬ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ አነበብኩት። የምሠራበትን ክፍል ልንገርዎ። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከስፖንጅ፣ ከእንጨት፣ ከላስቲክ የተሠሩ ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ እጀታቸው በማጣበቂያ የተንጠለጠለ ነው። ጥግ ላይ ቧንቧ አለ። አንድ ዕቃ ሲያልቅ ጣታቸው የሚያማቸው፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች ይጠሩና ውኃ እየቀዱ ይጠጡበታል፣ እኛ ቆመን እናያለን። መርዳት ክልክል ነው። እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ እንባላለን፣ ምክንያቱም ሰው ሲቸገር እያዩ ዝም ማለት ያቅታል። ከዚያ የከበዳቸው የቱ ላይ እንደሆነ እንጠይቃለን። ሥራዬ ይሄው ነው፤ ሰው ሲቸገር ማየትና መጠየቅ።

እናቴ ግን በዚያ በር አትገባም። እኔም መምጣት አልችልም። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልተወሰነም፤ አሁን ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም፣ ካልገባሁ ደግሞ መድኃኒቷን የሚገዛላት የለም። ይህንን ለእሷ በስልክ ስነግራት ሥራህን ሥራ ብቻ ትለኛለች።

ስለዚህ ዓይኔ እርስዎ ነዎት። ግራ እጇን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ ይሳሉልኝ። ጣቶቿ ይታጠፋሉ ወይ? ጠረጴዛው በየት በኩል ነው? ስትውጥ ያስላታል? ደግሞም ከጠዋት እስከ ማታ የምታደርገውን ሁሉ ይጻፉልኝ፣ ስለ ኩባያ ባይሆንም ግድ የለም። በእኛ ሥራ ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ ያልጠየቅነው ቦታ ነው የሚገኘው።

ትናንት ቀኝ እጄን ከቀበቶዬ ጋር አስሬ ዋልኩ። ሻይ ደፋሁ፣ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ፣ የሥራ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ማታ ስፈታው እጄ እንደ ድሮው ሆነ። የእሷ ግን አይፈታም።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ ፫ ቀን

ለውድ ልጄ፦

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን።

እጇን ስያለሁ፣ ከዚህ ጋር አለልህ። ወረቀቱን ከእጇ ሥር ሳደርግ ምን ልታስፈርሚኝ ነው፣ ቤቱን ልትወስጂብኝ ነው አለችኝ። ለልጅሽ ነው ስላት ጣቶቿን ራሷ ዘረጋጋችልኝ። ትንሿ ጣት ጋ ጠመም ያለው የእኔ እጅ ተንቀጥቅጦ ነው፣ የእሷ ጣት ቀጥ ያለ ነው። ጣቶቿ ይታጠፋሉ። ጠረጴዛው በግራዋ ነው። አያስላትም።

ከጠዋት እስከ ማታ ምን ታደርጋለች ብለሃል። ምን ታደርጋለች ብለህ ነው ልጄ፣ ትቀመጣለች። በመስኮት የሚያልፈውን ሰው ታማለች። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መጥታ ትቀመጣለች፣ ሁለቱ ደግሞ እኔን ያማሉ። ሌላው ሌላው የሴት ጉዳይ ነው፣ ለኩባያ አይጠቅምህም።

ቶሎ ላክላት። ከንፈሯ ደርቋል።

አክስትህ


ጥር ፲፩ ቀን

ለውድ አክስቴ፦

ሰላምዎ ይብዛ።

ኩባያው ይኸው። በእጇ ልክ ነው የተሠራው፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌ፣ ስፖንጁን እየቀረጽኩ እላዩ ላይ አስቀምጥ ነበር። እጀታው አራቱንም ጣት ያስገባል። መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ክርኗ ቢነካው አይገለበጥም። አፉ በአንድ በኩል ዝቅ ያለው አንገቷን ወደ ኋላ ሳትጥል እንድትጠጣ ነው። ጠርዙን ሰማያዊ ያደረግኩት በደንብ እንዲታያት ብዬ ነው። ከሁሉ የተጨነቅኩት ግን የሕፃን ወይም የበሽተኛ ዕቃ እንዳይመስል ነው። እናቴ ያፈረችበትን ነገር እንደማትነካ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። አያመስግኑኝ። ተመረቅ፣ እጅህ ይባረክ የሚለውን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ። እኔ የምፈልገው ነቀፋ ነው። የቱ ጋ አስቸገራት? ፊቷ ምን ሆነ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

የእህትዎ ልጅ


የካቲት ፭ ቀን

ለውድ ልጄ፣ ለጠቢቡ፦

ተመረቅ። አያመስግኑኝ ብትልም አመሰግንሃለሁ፣ እጅህ ይባረክ፣ ወልደህ ሳም። አክስትን አትመርቂ የሚል ልጅ በአንተ አየሁ።

ኩባያው ሲከፈት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እያገላበጠች ይሄ ይሸጣል ቢሉኝ እገዛዋለሁ አለች። እናትህ በግራ እጇ አነሳችው፣ እንደ ላባ ነው አለች፣ አገጯ አልረጠበም፣ አንገቷም ወደ ኋላ አልሄደም። ሁላችንም አጨበጨብን። ልጄ እጄን ያውቀዋል ብላ አለቀሰች። አሁን መደርደሪያው ላይ ሆኖ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል።

ነቀፋ አምጪ ካልከኝ አንድ ነገር ይታየኛል። መምጠጫ ቢኖረው ጥሩ ነበር፣ ማንሳቱ ራሱ ሳያደክማት አይቀርም። ትጠጣለች፣ ጥቂት ጥቂት ትጠጣለች።

አክስትህ


መጋቢት ፱ ቀን

ለውድ አክስቴ፦

እንዴት ሰነበቱ?

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እንደ ልጅ ሆንኩ። ለኃላፊዬ ተርጉሜ አነበብኩለት። እሱ ለብዙ ነገር ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው፣ ኩባያውን አንስቶ በግራ እጁ ጠጣና፣ ይሄ የእናትህ ብቻ መሆን የለበትም፣ እናመርተዋለን አለኝ። ስለዚህ እትዬ፣ የእናቴ ኩባያ በየሱቁ ሊገባ ነው። እጁ እንደሷ የሆነ ሰው ሁሉ ሊጠጣበት ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ባለፈው በስልክ ሳወራት ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ሲጣበቅ ይሰማኝ ነበር። ውኃ የጠጣ ሰው ድምፅ አይደለም። ጠጣሽ ወይ ስላት ስለ አየሩ ነገረችኝ። መደርደሪያው ላይ ነው ብለውኛል። የሚጠጣበት ዕቃ መደርደሪያ ላይ ምን ይሠራል? እኔ ልጇ ብሆንም እንደ ባዕድ ይቁጠሩኝና ያዩትን ይንገሩኝ።

መምጠጫ ያለው ክዳን ሠርቼ ልኬያለሁ። ጫፉ ለስላሳ ነው፣ ጥርሷን አይጎዳም።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ ፲፬ ቀን

ለውድ አክስቴ፦

ሰላም ነዎት? ክዳኑ ደረሰ? ስልክ ስደውል ተኝታለች ይሉኛል። ሰው እንዴት ሁልጊዜ ተኝቶ ይገኛል? ክፉም ቢሆን ይጻፉልኝ። እጀታው ከሆነ ቀይረዋለሁ፤ ክዳኑ ካልተመቻት ሌላ አለ፤ ከተራው ብርጭቆ ተነስቼ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ዝም ሲሉኝ ግን ምኑን ልቀይር?

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት ፮ ቀን

ለውድ ልጄ፦

ዛሬ ደህና ነን ብዬ አልጀምርም።

እናትህ ሆስፒታል ናት። ባለፈው ሳምንት ወንበሯ ላይ እንዳለች አንገቷ ዘንበል አለ፣ ስጠራት አልመለሰችም። ሐኪሙ ቆዳዋን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ሲለቀው እንደተቆነጠጠ ቀረ። ይህች ሴት ስንት ወር ነው ውኃ ያልጠጣችው ብሎ ጮኸብኝ። ሰው በተሞላበት ኮሪደር ላይ ነው የጮኸብኝ።

አንተ ስትጠይቀኝ ዝም ያልኩህን አሁን ልንገርህ። እያፈርኩ ነው የምጽፈው፣ አንተም አንብበህ ቅደደው።

ኩባያው ምንም አልነበረበትም። ብርጭቆውም አልከበዳትም። ያ ለአንተ የጻፍኩልህ ሰበብ እሷ የሰጠችኝ ነው፣ እኔም አመንኩት፣ ቆይቼም ሳላምነው ያዝኩት። የእኛን ቤት ታውቀዋለህ። መጸዳጃው ከግቢው ማዶ ነው፣ ደረጃውን ወርደህ ነው። ከሆስፒታል በመጣን ሰሞን በብብቷ ይዤ እወስዳት ነበር። እሷ ከባድ፣ እኔ የደረቀ እንጨት። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ጉልበቴ ከዳኝና አብረን ወደቅን። ልብሷ ተገልቦ፣ ረጥባ፣ ልብስ ሰፊዋ መጥታ እስክታነሳን እዚያው ነበርን። እኔ አቃሰትኩ፣ እሷ ግን በግራ እጇ ልብሷን ወደ ታች ትስብ ነበር። ወንበሯ ላይ ካስቀመጥናት በኋላ እጄን ይዛ፣ «ከእንግዲህ የሚገባ ከሌለ የሚወጣ የለም» አለችኝ።

ሳፋ አቀረብኩላት፣ በአንድ እግር ቁጢጥ ማለት ወይም መነሳት አልቻለችም። አልጋ ላይ የሚደረገውን የሆስፒታሉን ዕቃ ወርውራ ሰበረችው። ግድ ሲሆንባት ብቻ፣ ሌሊት ሰው ሳያይ፣ ልብስ ሰፊዋና እኔ ደግፈን እናደርሳታለን። ጠዋት ኪኒኗን ለመዋጥ አንድ ጉንጭ ትጠጣለች፣ ማታ ጥቂት ማንኪያ ሾርባ፣ ከዚያ በቃ። ጠምቶኛል ስትል ሰምቻት አላውቅም፣ ግን ቧንቧ ስከፍት ዞር ብላ ታያለች።

ይሄን ለአንተ እንዴት ብዬ ልጻፈው? ወንድ ልጅ ነህ፣ እናትህ ናት። ለልጄ ይሄን ብትነግሪው እህቴ አይደለሽም ብላ አስምላኛለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። አንተ ስለ እጇ ትጠይቀኛለህ፣ እኔም ስለ እጇ እመልስልሃለሁ፣ ኩባያ በኩባያ ላይ ትልካለህ፣ እኔ አመሰግናለሁ። ደስታህን በደብዳቤ ሳነብላት ፈገግ ትል ነበር። እንዴት አድርጌ ላፍርሰው?

አሁን ክንዷ ላይ ውኃውን በመርፌ እየሰጧት ነው። ዓይኗን ገልጣለች።

አክስትህ


ሰኔ ፪ ቀን

ለውድ አክስቴ፦

ምሕረቱን ያውርድልን።

መጀመሪያ ተናደድኩብዎት፣ አልዋሽም። ደብዳቤዎን ይዤ ከሥራ ወጥቼ መንገድ ለመንገድ ዞርኩ። ሱቅ መስኮት ላይ ኩባያው ተደርድሮ አየሁት። ሰዎች እየገዙት ነው። አንዲት የማላውቃት ሴት አባቴ በሠራችሁት ኩባያ ራሱ ጠጣ ብላ ለመሥሪያ ቤታችን ጽፋለች፣ ኃላፊዬ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እዚያ ሥር ተቀምጬ ነው የምሠራው። የሰው አባት ይጠጣል፣ የእኔ እናት ቧንቧ ሲከፈት ዞር ብላ ታያለች።

በኋላ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ያን ሁሉ ጥያቄ ስጠይቅዎ ውኃው ከጉሮሮዋ በታች የሚሄድበትን አንድ ጊዜ አልጠየቅኩም። እርስዎ አፈሩ፣ እሷ አፈረች፣ እኔም ሳላውቀው አፍሬ ነው ያልጠየቅኩት። የባዕድ አሮጊት ብትሆን በመጀመሪያው ቀን እጠይቃት ነበር።

አሁን ኃፍረቱን እንተወው። ከዚህ ጋር ያለውን ሥዕል ለአናጺ ይስጡት። ከዚህ ሠርቼ ልላክ ብል ጊዜ ይፈጃል። የእንጨት ወንበር ነው፣ መቀመጫው ክብ ቀዳዳ አለው፣ ከሥሩ ክዳን ያለው ባልዲ በኋላ በኩል ይገባል፣ ስለዚህ ከፊቷ ማንም አይጎነበስም። ከፍታው ከአልጋዋ እኩል ይሁን፣ ልክ እኩል። የወንበሩ የግራ ክንድ ተነቃይ ይሁን፤ እሱን አንስታ ከአልጋው በተቀመጠችበት ተንሸራታ ትሻገራለች። መነሳት የለባትም፣ እርስዎም አይሸከሟትም። ዙሪያውን መጋረጃ ያድርጉ፣ መጋረጃውን ራሷ ከውስጥ የምትስበው ይሁን። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ሲያልቅ ሁሉንም ይጻፉልኝ፤ ሽታውንም፣ ድምፁንም፣ የምታፍርበትንም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው እንዳይሆንብኝ እየፈራሁ ነው።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ ፳፩ ቀን

ለውድ ልጄ፦

ፈጣሪ ይጠብቅህ። ያልከኝን ሁሉ እጽፍልሃለሁ፣ አንዱንም አልደብቅም።

አናጺው ሥዕሉን ሲያይ እየሳቀ ንጉሥ ልታስቀምጡበት ነው ወይ አለ፣ ግን አሳምሮ ሠራው። ከሆስፒታል ስንመለስ ከአልጋዋ ጎን ቆሞ ጠበቃት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፣ ልጅሽ ነው የላከው ብቻ አልኳት። ዞር ዞር ብላ አየችው፣ የግራውን ክንድ ነካካችው፣ ነቀለችው፣ ገባት። ውጪ አለችኝ። ወጣሁ። በሩ ሥር ቆሜ ወደቀች አልወደቀች እያልኩ ቀለበቶቹ ሽቦው ላይ ሲሄዱ ሰማሁ፣ መጋረጃውን ራሷ ሳበችው። ቆየች። ከዚያ በትልቅ ድምፅ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ «እህቴ፣ ጨረስኩ» አለች። ገብቼ ተቃቅፈን አለቀስን፣ በኋላ ደግሞ ሳቅን። የሚሸት ነገር የለም፣ ክዳኑ ጥብቅ ነው። ድምፁን ለመሸፈን ሬዲዮ ክፈቺልኝ ትላለች፣ ያው ነው ነቀፋው። ልጄ ይሄንን ያውቃል ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ያውቃል አልኳት። ተቆጣች፣ ከዚያ ይሁን፣ ይወቅ አለች።

በዚያው ቀን ውኃ አምጪ አለችኝ። ኩባያህን ከመደርደሪያው አውርጄ ሞላሁት። አንተ እንዳሰብከው በአራት ጣቷ ይዛ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ሳትጥል ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና ድገሚኝ አለች። እንዲያ ስትጠጣ ካየኋት ዓመት ሊሞላ ነው። ለአንተ ልጽፍልህ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፣ ግን የሐኪም ቀጠሮዋ ስለነበር ከዚያ በኋላ ልጻፍ ብዬ አቆየሁት።

እግሯ አብጦ ነበር፣ እኔ ከመቀመጥ ነው ብዬ ነበር። ሐኪሙ ደሟን አየና ወደ ውጭ ጠራኝ። አሁን አልጮኸብኝም፣ ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ኩላሊቷ ሄዷል አለኝ። ውኃውን ማስወጣት አይችልም፣ የጠጣችው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል፣ ከበዛ ሳንባዋ ገብቶ ያፍናታል። ከእንግዲህ በቀን የምትጠጣው ይህችን ነው ብሎ የመድኃኒት መስፈሪያ ሰጠኝ። በእጄ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ነገር ናት። ደም የሚያጥብ መሣሪያ አለ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፣ ጠይቄዋለሁ፣ እዚህ የለም፣ ባለበትም ወረፋው ለወጣቶቹ አልበቃም አለኝ።

አሁን ትለምነኛለች፣ ልጄ። ያኔ እኔ ስለምናት ፊቷን ታዞር የነበረችው፣ አሁን አንድ ጉንጭ ብቻ እያለች በግራ እጇ ቀሚሴን ትይዛለች። እኔ እከለክላለሁ። ሐኪም ነው ያለው ስላት ትናንት ጠጪ ያለው ማን ነበር ትለኛለች። ጨርቅ አርሼ ከንፈሯን ስጠርግላት ጨርቁን ትመጠዋለች። ቤት ውስጥ ቧንቧ አልከፍትም፣ ዕቃ የማጥበው ልብስ ሰፊዋ ግቢ ነው። የተፈቀደላትን በኩባያህ ስሰጣት ግርጌው ላይ ብቻ ይታያል፣ ታየዋለች፣ ከዚያ እኔን ታየኛለች። ያንን አስተያየት እኔ አልችለውም።

ስለዚህ እባክህ፣ እንደ እህቴ ልጅ ሳይሆን እንደ ዕቃ ሠሪ ስማኝ። ከውጭ ሲታይ ትልቅ የሆነ፣ ሲያነሱት ከበድ የሚል፣ እስከ አፉ የሞላ የሚመስል፣ ውስጡ ግን የሚይዘው ያቺን መስፈሪያ ብቻ የሆነ ኩባያ ሥራልኝ። እንዳታውቅብኝ አድርገህ ሥራው። ቶሎ ላከው።

አክስትህ